ፀሀፊነቱን እምቢ እንዳትሉ

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ትምህርት ከተከፈተ ወር አለፈው አይደል፣ የክበብ ምዝገባው አልቆ አሁን የአመራር ምርጫ ላይ ናችሁ መሰለኝ። ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ፣ 11ኛ ክፍል ናት፣ ቤት መጥታ ፊቷን አጥቁራ ቁጭ አለች፣ ምን ሆነሽ ነው ስላት «አክስቴ ፀሀፊ አረጉኝ እኮ» አለችኝ። ሰው የሞተባት ነው የምትመስለው። ሊቀመንበርነቱ ድምፁ ጎላ ላለ ልጅ ደርሶ ለሷ ደብተርና እስክርቢቶ ተረፋት ማለት ነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቡና እያፈላሁ የነገርኳትን ነው እንግዲህ ለእናንተም የምፅፈው፣ ረዘም ካለ ታገሱኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወሬ አብዝቻለሁ ይሉኛል።

ሙያዬ ኦዲት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ደብተር ሳገላብጥ ነው፣ የመንግስት መስሪያ ቤት፣ የህብረት ስራ ማህበር፣ አንዳንዴም በጎረቤት ልመና የሰፈር እድር። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ነገር አፌን ሞልቼ የምናገረው ቢኖር፣ ማህበር የሚባል ነገር ትንሽም ይሁን ትልቅ የሚቆመው በሚናገረው ሰው ሳይሆን በሚመዘግበው ሰው ነው። እድራችሁን እዩ እስቲ። ዳኛው ማነው ስትባሉ ታውቁ ይሆናል፣ ግን ዳኛው ቢታመም እድሩ ይቀጥላል፣ ፀሀፊውና ገንዘብ ያዡ ጠፍተው ቢከርሙ ግን ድንኳኑ የት እንዳለ፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

መጀመሪያ ግን ስለ ክበብ እውነቱን እንነጋገር። መስከረም መጨረሻ ወይ ጥቅምት ላይ የክፍል ኃላፊው አንድ ወረቀት ይዞ ይገባል፣ ሁሉም የግድ አንድ ክበብ ይግባ ይላል፣ ቀይ መስቀል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ስነ ምግባር፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የሴት ተማሪዎች፣ ስነ ፅሁፍ፣ ትራፊክ፣ እናንተም ጓደኛችሁ የፃፈበት ላይ ትፅፋላችሁ አለቀ። ከዛ ብዙው ክበብ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ እቅዱ በማርከር አምሮ ተፅፎ ይለጠፋል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይነበባል፣ ኅዳር 22 የኤድስ ቀን ሲሆን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲሆን፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲሆን ሁለት ልጅ ማይክ ይዞ ግጥም ያነባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። ይሄ የናንተ ጥፋት አይደለም፣ አስተማሪውም 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ሲያስተምር ውሎ ክበብ ጨምሩበት ሲባል ምን ያድርግ። ግን የሞተ ክበብና በህይወት ያለ ክበብ የሚለይበትን ዘዴ ልንገራችሁ፣ ስትገቡ «ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላየው?» በሉ። ካሳዩዋችሁ ቆዩ። እርስ በርስ ከተያዩ እናንተ ፃፉት፣ ወይ ሌላ ክበብ ፈልጉ።

ቃለ ጉባኤ ሲባል ደሞ «አጀንዳው ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ስምምነት ላይ ተደርሷል» የሚለውን አይደለም የምላችሁ። እሱን ተዉት፣ ስንት ሺ ገፅ አንብቤዋለሁ፣ ምን እንደተስማሙ አንዱም ላይ አይገኝም። ትልልቅ ሰዎች በማህተም የሚፅፉት ባዶ ነገር ነው፣ እናንተ ከአሁኑ እንዳትለምዱት። ማን መጣ፣ ምን ሊሰራ ተባለ፣ ማን ይሰራዋል፣ እስከ መቼ፣ ገንዘብ ካለው ስንት። ግማሽ ገፅ ይበቃል። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ይሄን ግማሽ ገፅ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ያኔ ሊቀመንበሩ ራሱ ወደናንተ ዞሮ ማየት ይጀምራል ምክንያቱም እሰራለሁ ብሎ ያልሰራውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስልጣን ካላችሁ ስልጣኑ እሱ ነው፣ ለእህቴ ልጅም ይሄን ስላት ትንሽ ፊቷ ፈታ አለ።

እኔ ይሄን ስራ የለመድኩት ክበብ ውስጥ አይደለም፣ በኛ ጊዜ የነበረው ኪነትና ሰልፍ ነው፣ ሰልፉ ደሞ በግድ። በ1971 ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደሴ ውስጥ እኛ ተማሪዎቹ በየቀበሌው ተመደብን፣ ትልልቆቹ አስተማሪ ሆኑ፣ እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ስም መጥራትና የጠመኔውንና የላምባውን ሂሳብ መያዝ ደረሰኝ። እንደ እህቴ ልጅ ነው የከፋኝ በውነቱ። ትምህርቱ ማታ ማታ ነው፣ ሴቶቹ ልጅ አዝለው ይመጣሉ፣ ሀ ሁ ሲባል ልጁም አብሮ ያለቅሳል። ታዲያ መዝገቡ ላይ ምልክት ሳደርግ ከርሜ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳየው በገበያ ቀን ማታ ከሴቶቹ ግማሾቹ የሉም፣ በማግስቱ መጥተው ደሞ ያልተማሩትን ፊደል ሲጠየቁ አፍረው ዝም ይላሉ፣ አስተማሪው ልጅ ደሞ «ሰነፎች» ይላቸው ነበር። መዝገቡን አሳየሁት። ከዛ በኋላ አዲስ ፊደል በገበያ ቀን መስጠት ቀረ፣ የገበያ ቀን ክለሳ ሆነ። ያ ዘመቻ በኋላ በ15 ቋንቋ ተካሂዶ ዩኔስኮም የሸለመው ነው፣ ስለ ደርግ የምለው ሌላ ብዙ አለኝ እሱን ሌላ ቀን፣ ግን የኛ ቀበሌ ሴቶች ስማቸውን መፈረም የቻሉት በንግግር ሳይሆን ማን መቼ እንደቀረ ስለታወቀ ነው ብዬ እስከዛሬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ገንዘብ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ሆዴ ይቃጠላል። 12ኛ ክፍሎች ቲሸርት ታሰራላችሁ፣ ከለር ዴይ አለ፣ የባህል ቀን አለ፣ መሰናበቻ አለ፣ ለዚህ ሁሉ ብር ይሰበሰባል፣ አሁንማ በቴሌብር ነው በአንድ ልጅ ስልክ ላይ ይገባል። ያ ልጅ ሌባ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም አይደለም፣ ግን የራሱ ካርድ የሚሞላበትና የታክሲ የሚከፍልበት ሂሳብ ላይ የሁላችሁ ብር ተቀላቅሎ ሶስት ሳምንት ሲቆይ ራሱ ልጁም የቱ የማን እንደሆነ ይጠፋዋል፣ ከዛ ቲሸርቱ ሲዘገይ ሀሜት ይጀመራል፣ ጓደኝነት ይበላሻል፣ እናቶች ትምህርት ቤት ይመጣሉ። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ በተጠሪ መምህሩ በኩል ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቤት ይግባና ሞዴል 64 ይቆረጥለት፣ ሞዴል 64 ማለት የመንግስት የገቢ ደረሰኝ ነው፣ ስራ ስትይዙ ከሞዴል 19ና 22 ጋር ትተዋወቃላችሁ ያኔ ታስታውሱኛላችሁ፣ የዕቃ መግቢያና መውጫ ናቸው። የማይቻል ከሆነ ደሞ ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንዱ ብሩን ሌላው ደብተሩን፣ ሁለቱ የቅርብ ጓደኛሞች ባይሆኑ ይመረጣል፣ በየሳምንቱ አርብ ይሄን ያህል ገባ ይሄን ያህል ወጣ የሚል ወረቀት ክፍል ውስጥ ይለጠፍ። የለጠፈ ሰው አይታማም አልልም፣ ይታማል፣ ግን መልስ አለው።

ከሁሉ የበለጠ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ይሄን ነው። የወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት፣ አባል በሆንኩበት ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ክበብ ትንሽ ክፍል ነበረችው፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ውስጡ ሞዴስና ሳሙና፣ ድንገት የመጣባት ልጅ ቤቷ እንዳትሄድ ተብሎ። ዓላማው በጣም ጥሩ ነው፣ ለሞዴስ የሚሆን ብር የሌላት ልጅ በወር በወሩ ከክፍል እየቀረች ዓመቱ ያልቃል፣ ለምን እንደቀረች ደሞ ለወንድ አስተማሪ አትናገርም። ቁልፉ የተሰጣት ልጅ ጎበዝ ናት፣ ንብረት እንዳይጠፋ ብላ የምትወስደዋን ልጅ ስም፣ ክፍልና ፊርማ ማስመዝገብ ጀመረች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ማን ስሟን እዛ ላይ ትፅፋለች! ወንዶቹ ደብተሩን አንስተው ቢያነቡትስ። ሌላ ሰው ቢሆን «ፈላጊ የለውም» ብሎ ይዘጋው ነበር፣ ይቺ ልጅ ግን ስሙን ሰርዛ ቁጥር ብቻ አደረገችው፣ አርብ ትቆጥራለች፣ ስንት ነበር ስንት ቀረ፣ አለቀ። ሴቶቹ ተመለሱ። ወር ሲሞላ በወር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በእጇ አለ፣ እኛ የወላጆች ስብሰባ ላይ መጥታ እንደሌሎቹ «ችግሩ አሳሳቢ ነው» ምናምን አላለችም፣ ይሄን ያህል ፓኬት በወር፣ ይሄን ያህል ብር፣ እስከ ሰኔ ድረስ ይሄ ነው ብላ ቁጭ አለች። በዛ ስብሰባ ክርክር ሳይኖር የፀደቀው የሷ ብቻ ነው። እኔ የስራ ዘመኔን ሙሉ ባለሙያዎችን ልለምን የኖርኩት ይሄን ነው፣ ምን መመዝገብ እንዳለበትና ምን መመዝገብ እንደሌለበት መለየት፣ ይቺ ግን 10ኛ ክፍል ሆና ማንም ሳያስተምራት አወቀችው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር፣ ደብተርና ዩኒፎርም አሰባስባችሁ ለተቸገሩ ልጆች ስትሰጡ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስም እየጠራችሁ አታድሉ፣ ፎቶም አታንሱ። አሁን አዲስ አበባ የመንግስት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ምገባው ለሁሉም በመሆኑ አንድ ትልቅ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ማን ቸገረው ማን አልቸገረውም ብሎ የሚያይ የለም። እናንተም ከዛ ተማሩ፣ ለክፍል ኃላፊው ስጡት፣ እሱ ያውቅበታል።

ስለ ችግኝ አጭር ልበል፣ ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል፣ ዝናቡ ሲያቆም ማን ያጠጣል የሚለው ተራ ዝርዝር ግን የለም፣ አካባቢ ጥበቃ የገባችሁ ልጆች ስራችሁ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው እንጂ ሐምሌ አይደለም፣ ሐምሌማ እግዜር ያጠጣዋል።

ሚኒ ሚዲያ የገባችሁ ደሞ፣ ሁላችሁም ማይኩን እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። የእረፍት ሰአቱ ፕሮግራም ግን የሚሰማ የሚሆነው ስክሪፕቱን ማታ የፃፈው፣ የጠፋ ደብተርና መታወቂያ የሰበሰበው፣ የተበጠሰውን ሽቦ የጠገነው ልጅ ሲኖር ነው። ዘፈን መጋበዙን ቀነስ አድርጉት እባካችሁ።

ወላጆቻችሁ ክበብ ጊዜ ማባከን ነው ቢሏችሁ አትቆጡ፣ እውነታቸውን ነው የሚፈሩት። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፣ በ2015 ደሞ 3.2፣ በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ ተባለ። ይሄን የሰማ ወላጅ ልጁን ከመፅሀፍ ላይ ቀና እንዲል ባይፈልግ አይፈረድበትም። ስለዚህ አንድ ክበብ ብቻ ያዙ፣ በሳምንት ከሁለት ሰአት አይበልጥ፣ 12ኛ ክፍል ከሆናችሁ ከፋሲካ በኋላ ልቀቁ። ሶስት ክበብ ይዛ አምስት ሰርተፍኬት የሰበሰበች ልጅ አውቃለሁ፣ ስራ ፍለጋ ስትመጣ ሰርተፍኬቶቹን ማንም አላያቸውም፣ «ምን ሰራሽ» ስትባል የምትናገረው አልነበራትም። ስብሰባ ስትጠሩ ደሞ ሰአቱን አስቡበት፣ በፈረቃ የምትማሩ ከሆነ ከትምህርት በኋላ ስትሉ እንጀራ የምትጋግር፣ ውሀ የምትቀዳ፣ ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅ አትመጣም፣ ከዛ «ሴቶች ተሳትፎ የላቸውም» ተብሎ ሪፖርት ይፃፋል። የእረፍት ሰአት 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ንግግር ካላበዛችሁ።

የመጨረሻው ርክክብ ነው። ሰኔ ላይ እናስረክባለን እንዳትሉ፣ ሰኔ ፈተና ነው ማንም አይገኝም፣ ሚያዝያ ላይ ጨርሱት። ደብተሩ፣ ቁልፉ፣ የቀረው ብር ከነወረቀቱ፣ ማህተም ካለ ማህተሙ፣ ያላለቀው ስራ ዝርዝር፣ ተረካቢዋ ፊት ለፊት ተቆጥሮ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ አንድ ቅጂ ተጠሪ መምህሩ ጋ ይቀመጣል። ተረካቢ ስትመርጡ 9ኛና 10ኛ ክፍል ያሉትን እዩ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆዩበታል። የቴሌግራም ግሩፑን አድሚንነትም አብራችሁ አስረክቡ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስልክ ቁጥሩን የቀየረ ልጅ ብቻውን አድሚን ሆኖ የቀረበት የክበብ ግሩፕ ስንት አለ መሰላችሁ።