ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት ፎንቶቹን አውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን የድሮ ማሽን ያየሁ መሰለኝ። አባትሽ የጽሕፈት ሥራ ይሠሩበት የነበረው ዴስክቶፕ ለመነሳት 10 ደቂቃ ይፈጃል። ዊንዶውስ የተቀመጠበት የዲስኩ ክፍል፣ ሲ ድራይቩ፣ ቀልቶ 1 ጂቢ እንኳ አልቀረውም። የጠራሽው ባለሙያ ደግሞ “ፎርማት ይደረግ፣ ካልሆነ ሌላ ግዢ” ብሎሻል። ፎርማት ማለቱ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ልጣለው ወይስ ላስነሳው ነው ያልሽው። አይጣልም። ፎርማቱን ግን አትቸኩዪበት።

እኔም ለዓመታት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነበረችኝ። ያንቺን የመሰለ ማሽን ሲያስቸግረኝ አንድ ልጅ ጠርቼ ፎርማት አስደረግሁት። ዶክመንቶቹን በፍላሽ አውጥቼ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። መልሼ ስከፍታቸው የስንት ሰው ውልና ማመልከቻ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ መጣ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ዶክመንት ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው። ግዕዝ አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ብቻ ነው። እሱ ሲሄድ አማርኛውም አብሮ ይሄዳል። ያን ሰሞን ፎንት ፍለጋ የማውቀውን ጸሐፊ ሁሉ ሳስቸግር ከረምኩ።

አባትሽም በዚያው ዘመን የሠሩ ስለሆነ መጀመሪያ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ገብተሽ “ፎንትስ” የሚለውን እንዳለ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪው። ከዚያ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትስንና ዳውንሎድስን። ሂሳብ በፒችትሪ ይይዙ ከነበረ ደግሞ ዳታው ዶክመንትስ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ፕሮግራሙን ከፍተሽ ከራሱ ከውስጥ ባክአፕ አውጪ። ፎልደሮች ሾርትከት ሆነው ብታገኚ አትደንግጪ። የፍላሽ ቫይረስ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ደብቆት እንጂ አጥፍቶት አይደለም። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ስታበሪ ብቅ ይላል። ሾርትከቱን ግን እንዳትነኪው።

ይሄን እንዲያውም ቀድሜ ልናገር ይገባኝ ነበር፦ ምንም ከመነካካትሽ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ አስነሺና የሃርድ ዲስኩን ጤና እዪ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየሽ ጽዳቱን ተዪው፤ የሚያስፈልግሽን ብቻ ቅጂና ኮምፒውተሩን ዝጊው። መሞት የጀመረ ዲስክ ላይ በተነካካ ቁጥር የሚተርፈው ይቀንሳል። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማሽማ ጨርሶ አታብሪው። ለዳታ ማውጣት ባለሙያ ስጪው።

ወደ ሲ ድራይቩ መሙላት ስመጣ፣ በኛ አገር ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ነገር ነው። ዊንዶውስ የጫነው ሰው ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ለሲ 100 ጂቢ ገደማ ይሰጥና የቀረውን ለዲ ይተወዋል። ሲ እስከ አፍጢሙ ሞልቶ ዲ ባዶውን ተቀምጦ ይገኛል። ባለቤቱ “ኮምፒውተሩ ሞላ” ይላል፤ የሞላው አንዱ ክፍል ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ሁሉ ሲ ላይ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ያንቺም እንዲህ ከሆነ ዳውንሎድስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ፕሮፐርቲስ ውስጥ “ሎኬሽን” በሚለው ወደ ዲ አዛውሪው። ዶክመንትስንም እንደዚያው።

የሞላው በምን እንደሆነ ለማወቅ ዊዝትሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ትልልቁን ከላይ ደርድሮ ያሳይሻል። የእኔ ላይ አንደኛ የወጣው ቴሌግራም ነበር። ወንድሜ ያወረደው ፊልም ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ “ቴሌግራም ዴስክቶፕ” በሚል ፎልደር ተቆልሎ ነበር። ከዚያ ውጪ ቴሌግራሙ ራሱ የሚያጠራቅመው ካሽ (ጊዜያዊ ፋይል) አለ። ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ፣ ከዚያ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ብለሽ ማጽዳት ትችያለሽ። ሁለተኛው “ዊንዶውስ ኦልድ” የሚባል ፎልደር ነበር። አንዱ ቴክኒሻን በአሮጌው ላይ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ የተወው ነው። ይሄኛው ከአስር ጂቢ በላይ ሊይዝ ይችላል። ከማጥፋትሽ በፊት ውስጡ “ዩዘርስ” የሚለውን ክፈቺ። የአባትሽ የድሮ ፎቶ እዚያ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በዲስክ ክሊንአፕ አጥፊው። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሌላ ነገር በእጅሽ አታጥፊ። “ኮምፒውተር አፍጣኝ” ነን የሚሉትንም አትጫኚ፤ ራሳቸው ሸክም ናቸው።

ሲ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክፍት ቦታ ካገኘሽ ስታክ ማድረጉ ይቀንሳል። 10 ደቂቃው ግን 2 ደቂቃ ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም። ኮምፒውተሩ ምን ላይ እንደተጠመደ በሚያሳየው ታስክ ማናጀር ውስጥ “ዲስክ” የሚለው 100 በመቶ ላይ ተተክሎ ከቀረ ችግሩ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ራሱ ነው። መድኃኒቱ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። 240 ወይም 256 ጂቢ ሳታ ኤስኤስዲ ይበቃሻል። አሮጌው ማዘርቦርድ የኤስኤስዲውን ሙሉ ፍጥነት ላያስኬደው ይችላል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነው።

ፎርማት የማልወደውም ለዚህ ነው። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ንቀሉት። ዊንዶውሱ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ይጫን። ሁሉም ነገር መሥራቱን ካየሽ በኋላ አሮጌውን እንደ ዲ መልሰሽ ሰኪው። አንድ ፋይል አልተነካም። የረሳሽው ፎንት ቢኖርም እዚያው ይጠብቅሻል።

ኬዙ ሲከፈት ከራሙ (ከጊዜያዊ ማስታወሻው ካርድ) ጫፍ ያለውን ወርቃማ ክፍል በላጲስ ቀስ አድርጎ ማጽዳት ጥሩ ነው፤ አቧራውም በብሎወር ይውጣ። ሰዓቱ በተነሳ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ሲአር 2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ቀይሪ። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉና ብዙ ሰው ኢንተርኔቱን ይረግማል። ራሙ 4 ጂቢ ከሆነ 8 ብታደርጊው ደስ ይላል። ዓይነቱ ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 ሳታረጋግጪ ግን እንዳትገዢ፤ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም።

ስለ ዊንዶውስ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 11 ደግሞ እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ላይ በደንቡ አይጫንም። ለመጻፍና ለማተም ብቻ ከሆነ 10ን ይዘሽ ከኢንተርኔት ማራቅ ትችያለሽ። የባንክ ነገር ግን እንዳትከፍቺበት። ኢንተርኔት ከፈለግሽ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊነክስ ሚንት 4 ጂቢ ራም ላይ ይሄዳል።

አሁን ኬዙን ክፈቺና ራሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ላኪ። የዊዝትሪውንም ስክሪንሾት ጨምሪበት፤ ምን እንደሚጠፋ አብረን እናያለን።