ለባንድ ሶው ትልቅ ቫኪዩም ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 14 ኢንች ባንድ ሶ (በሁለት ጎማዎች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር መጋዝ፣ ማለትም ብሌድ ያለው ማሽን) አለህ፤ ከታችኛው በር ስር ባለው ቀዳዳ ቫኪዩም ገጥመህበታል፤ ግማሹ ሰጋቱራ ግን ጠረጴዛው ላይና እግርህ ስር ይቀራል። «ጉልበት ያለው ልግዛ ወይ?» ነው ያልከው። ለጊዜው አትግዛ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ወርክሾፕ ካደረግኳት በኋላ ሁለተኛ ቫኪዩም አመጣሁ፤ የጨመረልኝ ነገር ቢኖር ጩኸት ነው። ባለቤቴ የዋጋውን ነገር እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

መጀመሪያ ሰጋቱራው የሚሄድበትን መንገድ እይ። ብሌዱ የሚቆርጠው ወደ ታች እየወረደ ነው። ዱቄቱ በጥርሶቹ መሃል ተይዞ በጠረጴዛው ቀዳዳ ይወርድና ብሌዱን ከስር የሚመሩት የታችኞቹ ኩሽኔታዎች ጋ ሲደርስ መራገፍ ይጀምራል። እዚያ ካልተያዘ የታችኛው ጎማ ይቀበለዋል። ያ ጎማ ደግሞ ሲሽከረከር እንደ ማራገቢያ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይበትናል። ከፊሉ ከብሌዱ ጋር ሽቅብ ወጥቶ የላይኛው ጎማ ላይ ይጋገራል። የላይኛውን በር ክፈትና የጎማውን ላስቲክ በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፤ ቅርፊት የመሰለ ነገር ከተነሳ ያንተም ችግር ይኸው ነው። ይህ ቅርፊት ሲወፍር ብሌዱ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩንም ይስታል።

ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የመሳቢያ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ክፍል ወለል አጠገብ ነው። ቫኪዩምህ እንግዲህ ሰጋቱራው ከተበተነ በኋላ ነው የሚደርሰው። የመሳብ ነገር ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። ሻማን ከክንድ ርቀት ንፈህ ታጠፋለህ፤ ከዚያው ርቀት አየር ወደ ውስጥ ስበህ ለማጥፋት ብትሞክር ግን ነበልባሉ አይነቃነቅም። ከቱቦው አፍ የአፉን ወርድ ያህል ብቻ ስትርቅ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አፉን ወደ ቁርጡ ማስጠጋት ሞተር ከመቀየር ይበልጣል።

እኔ ያደረግኩት ይኼ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ፣ ከጠረጴዛው ስር የታችኞቹን ኩሽኔታዎች የሚከብ ሳጥን በካርቶንና በፕላስተር ሠራሁ። ካርቶኑን አራት ጊዜ ቀድጄ ጣልኩት። ቅርጹ ሲገጥምልኝ ላሜራ ቤት ወስጄ አስቆረጥኩና ጎኑ ላይ የ63 ሚሊሜትር ቱቦ አፍ አስበየድኩ። አንድ ስህተቴን አትድገም፤ የመጀመሪያውን ሳጥን ያሰርኩት ከጠረጴዛው ጋር ነበር። ጠረጴዛውን ወደ 45 ዲግሪ አዘንብዬ ማሽኑን ሳስነሳ ላሜራው ብሌዱን ነካው። ድምፁን አልነግርህም! ጥርሱ አለቀ፣ እኔም ለጥቂት ተረፍኩ። አሁን ሳጥኑ የታሰረው ከማሽኑ አካል ጋር ነው። ብሎኑን ካጠበቅክ በኋላ ጠረጴዛውን እስከ መጨረሻው አዘንብለህ፣ ጎማውን በእጅህ ሙሉ ዙር ሳታዞር ሶኬት እንዳትሰካ።

ከሳጥኑ ስር፣ ከጎማው በላይ፣ ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጬ መጋረጃ አደረግኩ። ብሌዱ በስንጥቁ ያልፋል፣ ሰጋቱራው ግን ወደ ጎማው መውረጃ ያጣል። ያመለጠውን ለመፋቅ ደግሞ የተቆረጠ የጫማ ብሩሽ የታችኛው ጎማ ላስቲክ ላይ አስደግፌያለሁ። ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ ሌላውን ባትሠራ እንኳ እሱን ሥራ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ሳጥኑን ከሠራሁ በኋላ የበሩን ክፍተት፣ የብሎኑን ቀዳዳ፣ ያየሁትን ሁሉ በፕላስተር ደፈንኩ። ቫኪዩሙ አጓራ፣ ሰጋቱራው ግን ባሰበት። አየር ካልገባ አየር አይወጣም፤ የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ምንም አይሸከምም። የሚገባበትን ቦታ አንተ ምረጥለት እንጂ አትዝጋው። እኔ ጠረጴዛው መሃል ብሌዱ የሚያልፍበትን ክብ ሳህን ከፕላይውድ ሠርቼ ዙሪያውን ስድስት የ8 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሳሁት። አየሩ ከላይ ወደ ታች፣ ብሌዱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይገባል።

መሥራቱን ያወቅኩት በዕጣን ነው፤ አትሳቅ። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሰጋቱራው ሁሉ ተጠርጎ፣ ቫኪዩሙ ብቻ እየሠራ ዕጣን የያዘውን ማጨሻ ራቅ አድርገህ ጢሱ ወዴት እንደሚሳብ ተመልከት። ፍሙ ሊሳብ ይችላልና ወደ አፉ አታስጠጋው። ጢሱ በቀዳዳዎቹ ከገባ ጥሩ ነው፤ በበሩ ጠርዝ ከገባ ግን የምትደፍነው ያንን ነው። ሲመሽ መብራት አጥፍተህ በስልክህ ባትሪ ከጎን ብታበራ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አቧራም ታየዋለህ።

ቱቦውን አሳጥረው። ያ የሚተጣጠፈው ሽንሽን ቱቦ ውስጡ ልሙጥ ከሆነው የፒቪሲ ቱቦ ይልቅ አየሩን ያደክማል። መሃል ላይ የሚያጠብ መቀነሻም አትግጠም፤ ከ100 ወደ 50 ሚሊሜትር ስትወርድ የቀዳዳው ስፋት ሩብ ነው የሚሆነው እንጂ ግማሽ አይደለም። በቫኪዩሙና በማሽኑ መሃል ክዳን ያለው የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ብታስገባ ከባዱ ሰጋቱራ እዚያው ይቀራል፣ ፊልትሩም ቶሎ አይደፈንም። ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ እንጨት ስቆርጥ የኔ ፊልትር፣ ባልዲው ሳይኖር፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይደፈን ነበር።

ይህን ሁሉ ብታደርግም ማስክ አትተው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ወፍራሙ ሰጋቱራ ወለል ቢያቆሽሽ ነው፤ የሚጎዳው ዓይንህ የማያየው፣ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም አየር ላይ የሚቆየው ነው። በደረቁ አትጥረግ፣ በኮምፕሬሰርም አትንፋ።

የፓሌት እንጨት የምትቆርጥ ከሆነ ደግሞ ሚስማሩን ፈልገህ ንቀል። ብሌዱ ሚስማር ሲነካ የሚፈናጠረው ብልጭታ በቀጥታ ወደ ደረቅ ሰጋቱራ ነው የሚሳበው፤ ሲጨስ ቆይቶ አንተ ከተኛህ በኋላ ሊነድ ይችላል። እኔ ማታ ባልዲውን ከቤት ውጭ ሳላወጣ ወርክሾፑን አልቆልፍም።

የሳጥኑን ልክ እዚህ ያልጻፍኩት ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ነው። የጠረጴዛህን ስር በሩ ተከፍቶ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ የቱ ጋ እንደሚታሰር እነግርሃለሁ።