ሞጁሉ ገብቷል፣ ስሙ ግን ቀርቷል

ጥያቄ፦ ኤልፎር አርኢን (L4Re፣ በማይክሮከርነል ላይ የሚሠራ ሥርዓት) በግረብ 2፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ሥርዓቱን በሚጭነው ፕሮግራም፣ አስነሳለሁ። ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ይነሳል፣ ሞ (Moe፣ የመጀመሪያው ፕሮግራም) ይነሳል፣ ኔድም (Ned፣ በስክሪፕት ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) ሰላምታውን ይጽፋል። እኔ የጨመርኩትን «ካውንተር» የሚባል ፕሮግራም ሲፈልግ ግን «የለም» ይላል። ፋይሉ ዲስኩ ላይ አለ። ከእኔ በፊት የሞከረው ሰው ሦስት ማውጫ ውስጥ ገልብጦታል፤ ለውጥ የለም። ሲነሳ በሲሪያል ኬብል የወጣውን ጽሑፍ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ወዳጄ፣ ኔድ ድረስ ከደረስክ ከርነሉን ተወው። የምጠረጥረው አንድ መስመር ነው፦ ግረብ ላይ የጨመርከው የሞጁል (ግረብ ከከርነሉ ጋር ሚሞሪ ላይ የሚጭነው ፋይል) መስመር። የፋይሉን አድራሻ ጽፈህ ስሙን ሳትደግም የቀረህ ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚሠራውን የግረብ ምርጫ እንዳትነካው። ገልብጠው፣ ቅጂው ላይ ሥራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔድ ዲስክህን አያይም። የሚያየው ግረብ ሚሞሪ ላይ ያስቀመጠውን ነው። ሞ እነዚያን ሞጁሎች «ሮም» (rom) በሚባል የስም ማውጫ ሥር በስም በስማቸው ያቀርባቸዋል። ስሙ የሚገኘው ከሞጁሉ ጋር ከሚላከው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። የድሮው ግረብ የፋይሉን አድራሻ ራሱ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባ ነበር። ግረብ 2 አድራሻውን ያስቀርና ከእሱ ቀጥሎ የጻፍከውን ብቻ ያሳልፋል። ምንም ካልጻፍክ ሞጁሉ ስም አልባ ሆኖ ይገባል። ከርነሉ፣ ሲግማ ዜሮ (ሚሞሪ የሚያድለው ፕሮግራም) እና ሞ በተቀመጡበት ተራ ስለሚታወቁ ይህ አያግዳቸውም። ከእነሱ በኋላ ያለው በስም ነው የሚፈለገው። ኔድ የተነሳልህም የጀመርክበት የግረብ ናሙና ላይ ስሙ ስለተጻፈ ይመስለኛል።

ሦስት ቦታ መገልበጥ እንግዲህ ምን ሊፈይድ? እንዲህ ያለ ጥገና ሥራ ያበዛል እንጂ አያድንም። እነዚያን ትርፍ ቅጂዎች አጥፋቸው።

የግረብ ዝርዝር ሲመጣ «ኢ»ን ተጫን። በሞጁሉ መስመር ላይ ከአድራሻው በኋላ ክፍት ቦታ ትተህ «ካውንተር» ብለህ ጨምር፣ ከዚያ ኤፍ 10። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አይቀመጥም። የኔድ ስክሪፕት ላይም «ሮም»፣ እዝባር፣ «ካውንተር» መሆን አለበት። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል።

ሌላ ስም ከጠራብህ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ላይብረሪ ነው። እሱም ከነስሙ እንደ ሞጁል ይገባል።

የላክኸው ጽሑፍ ላይ ፊደላት ተበልተዋል። የሲሪያሉ ፍጥነት በሁለቱም ወገን 115200 መሆኑን እይ። ልክ ከሆነ ያንን ርካሽ የዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል ቀይረው። ስሙ ባዶ ይሁን ኬብሉ የበላው ሳይታወቅ ስንቱ ሰው ይደክማል!

ከሠራልህ ለውጡን ቅጂው ላይ ጻፈው። የድሮው ምርጫ፣ አደራ፣ እንዳለ ይቆይ።