ስልኬን ልሽጠው?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ሥራ አላገኘሁም፤ ደሴ እናቴ ቤት ነኝ። የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ቲክቶክ አያለሁ። ቀን እተኛለሁ። ምግብ አስጠልቶኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ይኸው ሦስት ወር አለፈው። እናቴ «ይሄ ስልክ በላሽ» ትለኛለች። ሱሰኛ ሆኜ ይሆን? ልሽጠው?
መ. ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ አትሽጪው። ለሥራ ሲፈልጉሽ በምን ይደውሉልሻል?

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ልቤ የቀረው «ጓዳ እገባለሁ» ያልሽው ላይ ነው። እስቲ አስታውሺ፤ የቱ ቀደመ? ስልኩ ነው ወይስ ሆድ መባሱ? ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መቆም ሰልችቶሽ፣ ተስፋ ቆርጠሽ፣ ከዚያ ሌሊቱን የምታሳልፊበት አግኝተሽ ይሆናል። እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ ድባቴው ይብሳል፤ ሲብስ ስልኩ ይናፍቃል። ድሮ ቴሌቪዥን እንኳ ሌሊት ፕሮግራሙ አልቆ ይዘጋ ነበር። ቲክቶክ ግን አያልቅም፤ እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ድክመት ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

«ሱሰኛ» የሚለውንም ተይው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሱስ አለ፤ ቲክቶክ ማየት ግን በስሙ አልሰፈረም። ለጌም የሚጠየቀው ግን ላንቺም ይጠቅማል፦ ማቆም ስትፈልጊ ያቅትሻል? ከሌላው ሁሉ ታስቀድሚዋለሽ? እየጎዳሽ መሆኑን እያወቅሽ ትቀጥያለሽ?

ከእንቅልፉ ጀምሪ። የሌሊቱን ፓኬጅ ትተሽ ትንሽም ቢሆን የቀን ግዢ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን እናትሽ ክፍል ቻርጅ አድርጊው። ተኛሽም አልተኛሽም ጠዋት 1 ሰዓት ተነሺና ፀሐይ ላይ ውጪ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ትነጫነጫለሽ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቡናውን አንቺ አቅርቢ። ወሬ ባታወሪም አምስት ደቂቃ ተቀመጪ።

ሐኪም ለማየት ግን ይህ እስኪሳካ አትጠብቂ። ምግብ መጥላትና ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ መታየት አለበት፤ ያንቺ ሦስት ወር ሆኖታል። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቂ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽማ ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪያት፤ ብቻሽን አትደሪ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ስለ ስልኩ ብቻ አታውሪ። ምግቡንም፣ እንቅልፉንም፣ ጓዳ መግባቱንም ንገሪው።