ማበረታቻው ምርቱን ያላሳደገው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የማምረቻ ክፍል ኃላፊ ሆኜ እየሠራሁ ሥራ አመራር በማታው ክፍለ ጊዜ እማራለሁ። የትምህርት መጻሕፍቱ የዘርፉን ቀደምት አሳቢዎች ቴይለርን፣ ፋዮልንና ቬበርን ካስተዋወቁ በኋላ ወደ ሰብዓዊ ግንኙነት አስተሳሰብ፣ ከዚያም አሠራር እንደ ሁኔታው ይለያያል ወደሚሉት ምሁራን ይሻገራሉ። የኋለኛው የፊተኛውን ስሕተት አርሞ የመጣ ከሆነ የፊተኛውን ማጥናት ለምን ያስፈልጋል? በክፍላችንስ በምርት ብዛት የሚታሰብ ማበረታቻ ተጀምሮ ሳለ ሠራተኞቹ ከአንድ መጠን አላልፍ ማለታቸውን የትኛው ንድፈ ሐሳብ ያስረዳል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን ለሁለት ከፍለው ቢያቀርቡትም መልሱ አንድ ነው፤ በክፍልዎ የሚያዩት ነገር የሥራ አመራር ጥናት ራሱ የተነሣበት ችግር ነውና።

ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1878 ፊላዴልፊያ ውስጥ ወደሚገኘው ሚድቬል የብረት ፋብሪካ ሲገባ ተራ ሠራተኛ ነበር። ወደ አለቅነት ሲያድግ የማሽን ሠራተኞቹ ከአቅማቸው በታች ለማምረት ተስማምተው እንደሚሠሩ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ብዙ ማጠቃለያዎች ቴይለር ሠራተኛውን ሰነፍ ነው ብሎ የደመደመ ሰው አድርገው ያቀርቡታል፤ ይህ ግን ግማሹን እውነት ብቻ መናገር ነው። ስንፍና የሚባለው የሰው ዝንባሌ መኖሩን ቢያምንም፣ ይበልጥ የሚጎዳው ታስቦበት የሚደረገው ዝግታ ነው ይል ነበር። ምክንያቱንም በአሠሪው ዘንድ አግኝቶታል፦ ሠራተኞቹ ምርታቸውን ባሳደጉ ቁጥር ለአንድ ዕቃ የሚታሰበው ክፍያ እንደሚቀነስ ከልምድ ያውቁ ስለነበር፣ ብዙ ማምረት ራስን መጉዳት ሆኖባቸው ነበር።

የቴይለር መድኃኒት መለካት ነው። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሰከንድ በሚቆጥር ሰዓት ለክቶ፣ ተገቢው የቀን ሥራ በክርክር ሳይሆን በጥናት እንዲወሰን ፈለገ። በቤተልሔም የብረት ኩባንያ ስላደረገው ሙከራ በጻፈው መሠረት፣ እያንዳንዱ 92 ፓውንድ የሚመዝን የጥሬ ብረት ቁራጭ እየተሸከመ በቀን 12.5 ቶን ይጭን የነበረ ሠራተኛ 47.5 ቶን መጫን ቻለ፤ የቀን ክፍያውም ከ1.15 ወደ 1.85 ዶላር አደገ። ምርቱ ወደ አራት እጥፍ ሲጠጋ ክፍያው የጨመረው በ60 በመቶ ገደማ መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል ማለፍ የለበትም። የታሪኩን ዝርዝር በኋላ የመረመሩ ሰዎች ብዙውን ነገር እንደተጠራጠሩትም መጥቀስ ተገቢ ነው። ሐሳቡን ያሰፈረበት ዋና መጽሐፍ በታተመበት በ1911 በአሜሪካ ጦር የዋተርታውን መሣሪያ ፋብሪካ ያ ሰዓት ሲመጣ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ጉዳዩም እስከ አገሪቱ ምክር ቤት ደረሰ።

ፋዮልና ቬበር ችግሩን ከሌላ ወገን ያዩታል። ፋዮል አንድ የፈረንሳይ ማዕድን ኩባንያ ለ30 ዓመት የመራ ሰው በመሆኑ በ1916 ያሳተመው ሥራ የሚያተኩረው በበላይ አመራሩ ተግባር ላይ ነው፤ ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ቬበርም ሥልጣን ከሰውዬው ወጥቶ በደንብና በሹመት ቦታ ላይ ሲመሠረት ምን እንደሚፈጠር መርምሯል። ሁለቱም ታላላቅ ናቸው፤ እርስዎ ለጠየቁት ጉዳይ ግን የሚሰጡት መልስ ጥቂት ነው።

ወደ እርስዎ ክፍል የሚመልሰን ቺካጎ አጠገብ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሃውቶርን ፋብሪካ ከ1924 እስከ 1932 የተካሄደው ጥናት ነው። ሁሉም የሚያነሣው የመብራት ብርሃን መለዋወጥ ምርትን ይነካ እንደሆነ የተፈተነበትን ሙከራ ነው፤ እኔ ግን ከ1931 መገባደጃ ጀምሮ 14 ወንዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ የታዩበትን ክትትል አስበልጣለሁ። ዘጠኙ የስልክ መሣሪያ ሽቦ ያገናኛሉ፣ ሦስቱ ይበይዳሉ፣ ሁለቱ ይቆጣጠራሉ። ክፍያው የቡድን ስለነበር ሁሉም ብዙ ባመረቱ ቁጥር እያንዳንዱ ብዙ ያገኛል፤ ስለዚህ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይገፋፋዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የታየው ሌላ ነው። ሠራተኞቹ ለቀን ሥራ ይበቃል ያሉትን መጠን በመካከላቸው ወስነው፣ ያንን ያለፈውን ይሰድቡታል፣ ክንዱንም በቡጢ ይመቱታል፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ የሚሠራውንም ይወቅሱታል፤ ለአለቃ ወሬ የሚያቀብለውን ደግሞ ይጠሉታል። ለአለቃ የሚነገረው የቀን ምርት ሳይዋዥቅ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይም ይጠነቀቁ ነበር።

በጥናቱ የተሳተፈው የሃርቫርድ ምሁር ኤልተን ማዮና ባልደረቦቹ ይህን ከገንዘብ ስሌት ይልቅ የቡድን ስሜትና ሥርዓት አድርገው ተረጎሙት፤ የሰብዓዊ ግንኙነት አስተሳሰብም ከዚህ ጥናት ኃይል አገኘ። ተቺዎች ግን ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት እንደነበር፣ ክትትሉ ራሱ በ1932 የተቋረጠው ሥራ በመጥፋቱ እንደሆነ ያስታውሳሉ። ሥራውን ቶሎ የጨረሰ ቶሎ በሚሰናበትበት ጊዜ ዝግ ማለት ስሜት ሳይሆን ስሌት ነው። ይህ ትችት አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የቴይለርንም የቆየ ምክንያት መልሶ ያመጣዋል። ሆኖም ሥጋቱ የእያንዳንዱ ሰው ቢሆንም ደንቡን የሚያስከብረው ቡድኑ ነው፤ ይህን ያሳየን የቴይለር ሰዓት ሳይሆን የሃውቶርን ክፍል ነው። የኋለኛው የፊተኛውን አልሻረውም የምለው ስለዚህ ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመጡት ምሁራን ደግሞ የእያንዳንዱን መርሕ ወሰን አመለከቱ። ጆአን ውድዋርድ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ 100 ያህል አምራች ድርጅቶችን መርምራ፣ የተሳካላቸው ድርጅቶች አወቃቀር እንደሚጠቀሙበት የአመራረት ቴክኖሎጂ እንደሚለያይ አገኘች። በርንስና ስቶከር የተባሉ ተመራማሪዎችም በ1961 ጥብቅ የሥልጣን ተዋረድ ገበያው በተረጋጋበት እንደሚስማማ፣ ገበያና ቴክኖሎጂ ፈጥነው በሚለዋወጡበት ግን ልል አደረጃጀት እንደሚሻል አሳዩ። «እንደ ሁኔታው» የሚለው መልስ ግን ሁኔታውን የማጣራቱን ሸክም በኃላፊው ትከሻ ላይ ይጥላል።

እርስዎም ከሁሉ በፊት ማበረታቻው ከተጀመረ ወዲህ ሠራተኞች ከተመደበላቸው መጠን ሲያልፉ ምደባው ከፍ ተደርጎባቸው እንደሆነ መዝገብ አገላብጠው ይዩ። ተደርጎ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው የክፍያው ደንብ ነው። ካልተደረገ ደግሞ ከመጠኑ ያለፈ ሰው ከባልደረቦቹ ምን እንደሚገጥመው በጥንቃቄ ይጠይቁ፤ በዚያውም የምርቱን ፍጥነት የሚወስነው በእርግጥ የሠራተኛው እጅ መሆኑን፣ ወይስ ማሽኑና ዘግይቶ የሚደርሰው ጥሬ ዕቃ መሆኑን ያጣሩ፤ የኋለኛው ከሆነ የትኛውም ማበረታቻ ቁጥሩን ከፍ አያደርገውም።