«ክቡር ዶክተር»፣ «የክብር ፕሮፌሰር»፦ የደም መልስ ሐኪምን በማዕረጉ ስንጠራ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። በማኅበረሰባችን አዳራሽ ስለ እግር ደም ሥር ማበጥ ትምህርት ለሚሰጡ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም የማስተዋወቂያ ጽሑፍ በአማርኛ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። እንግሊዝኛው «ሚስተር እገሌ» ብሎ ይጀምርና «ኦነረሪ ፕሮፌሰር»፣ «የሮያል ኮሌጅ ፌሎው»፣ ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ «ኦነረሪ ዶክትሬት» የተሰጣቸው «ፍሌቦሎጂስት» እያለ ይቀጥላል። እኔም «አቶ እገሌ፣ ክቡር ዶክተር፣ የክብር ፕሮፌሰር፣ የሮያል ኮሌጅ ባልደረባ፣ የደም ሐኪም» ብዬ ተረጎምኩት። አብራኝ የምትሠራ እህት ግን «ሰውየውን ባንድ በኩል ሰቅለህ በሌላ በኩል አወረድካቸው» አለችኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? በጠረጴዛቸው ላይ ለሚቀመጠው የስም ሰሌዳስ «ክ/ዶ/ር» ብሎ ማሳጠር ይቻላል?

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ትልቁ ስሕተት ያለው «ኦነረሪ» የሚለው ቃል በየትም ቢገባ አንድ ትርጉም ያለው መስሎ መወሰዱ ላይ ነው። በጠየቁኝ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለቱም ጊዜ የተለያየ ነገር ይናገራል።

በመጀመሪያ ግን የራሳችንን ቤት እንይ። «ክቡር» የሰው ቅጽል ነው፤ የተከበረ ማለት ነው፤ ለሴት «ክብርት» ይሆናል። «ክብር» ደግሞ ስም ነው፤ «የክብር» ሲባል የሚገለጸው ሰውየው ሳይሆን ማዕረጉ ነው። እንግዲህ «ክቡር ዶክተር» ማለት በቃሉ አቀማመጥ «የተከበሩት ዶክተር» ነው፤ «የክብር ዶክተር» ማለት ደግሞ «ዶክተርነቱ ለክብር የተሰጣቸው ሰው» ነው። የቀድሞው ክቡር ዘበኛ ስሙ «ክቡር» ስለሆነ የለበጣ ዘበኛ አልነበረም፤ የለየለት ወታደር ነበር። ክቡር ሚኒስትርም እንደዚሁ ሚኒስትር ነው።

ይሁን እንጂ በእኛ አገር የክብር ዶክትሬት የተቀበሉ ሰዎችን «ክቡር ዶክተር» ብሎ መጥራት ሥር ሰድዷል። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ፣ ክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ እያልን ነው ያደግነው። ይህን አጠራር ስሕተት ነው ብዬ ለመንቀል አልነሣም፤ በእነዚህ ታላላቅ ሰዎች ስም ላይ ፍቅርና አክብሮት አለበት፤ ሕዝብ ያጸደቀው ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ሐኪም ሲሆን ነው። ደራሲውን ወይም ድምፃዊውን «ክቡር ዶክተር» ስንል ማንም በሆስፒታል አይፈልጋቸውም። አንድ ሐኪም ሚኒስትር ሆነው «ክቡር ዶክተር እገሌ» ሲባሉ ግን «ክቡር» የሥልጣናቸው፣ «ዶክተር» የሙያቸው ነው። አሁን ደግሞ የእርስዎን እንግሊዛዊ በዚያው ስም ሲጠሩ አንባቢው ሦስት ነገር ሊረዳ ይችላል፦ ባለሥልጣን ናቸው፣ ሐኪም ናቸው፣ ወይም ሳይማሩ የክብር ዲግሪ ተሸልመዋል። የመጨረሻው ለአንድ ቀዶ ሐኪም አደገኛ ነው፤ እግሩን ሊያሳይ የመጣ ሰው «ዶክተርነታቸው የክብር ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል።

መለያው ቀላል ነው። ቃሉን አውጥተው ያንብቡት። ከሚኒስትሩ ስም ላይ «ክቡር» ቢወጣ ዶክተርነታቸው ይቀራል፤ ምንም አልጎደለም። ከክብር ዶክትሬት ተሸላሚው ስም ላይ ግን «የክብር» ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ለሐኪም ሁልጊዜ «የክብር ዶክትሬት ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተቀብለዋል» ተብሎ በግሥ ይጻፍ እንጂ ከስም ፊት አይለጠፍ። ጀርመኖች እንኳ የክብር ዶክትሬት ያለው ሰው ከስሙ ፊት «ዶክተር» ሲጽፍ «ሆኖሪስ ካውዛ» የሚለውን የላቲን ሐረግ በምሕጻረ ቃል እንዲያስከትል ያስገድዳሉ፤ በትምህርት ከተገኘው እንዲለይ ነው። ሐረጉ ራሱ «ለክብር ሲባል» ማለት ነው።

ወደ «ኦነረሪ ፕሮፌሰር» ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በብሪታንያ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ተቀጥሮ የሚሠራ ሐኪም በአቅራቢያው ላለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲያስተምር፣ ጥናት ሲመራ፣ ዩኒቨርሲቲው «ኦነረሪ ፕሮፌሰር» ወይም «ኦነረሪ ሲኒየር ሌክቸረር» ብሎ ይሾመዋል። ቃሉ እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ደመወዝ ነው፤ ደመወዙን ሆስፒታሉ ይከፍላል፣ ዩኒቨርሲቲው አይከፍልም ማለት ነው። በሌላው አቅጣጫም አለ፦ ዩኒቨርሲቲ የቀጠረው ምሁር በሆስፒታል ሕሙማን ሲያይ «ኦነረሪ ኮንሰልታንት» ይባላል፤ «ኮንሰልታንት» በብሪታንያ ሆስፒታል ከፍተኛው ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። ይህ ሰው ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ ተረኛ ይሆናል፣ ለሕመምተኛው ኃላፊነት አለበት። «የክብር አማካሪ» ብለው ቢተረጉሙት በበዓል ቀን ከፊት ወንበር የሚቀመጥ እንግዳ ያደርጉታል።

የጀርመንና የኦስትሪያው «ሆኖራርፕሮፌሶር» ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ዋና ሥራው ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የሆነ፣ ለምሳሌ የራሱ የደም ሥር ክሊኒክ ያለው ሐኪም፣ ለዓመታት ካስተማረ በኋላ የሚሰጠው ማዕረግ ነው፤ በጀርመን ማዕረጉን እንደያዘ ለመቆየት ብዙውን ጊዜ ማስተማሩን መቀጠል ይጠበቅበታል። አገሩ ላይ «ሆኖራር» ለብቻው ሲነገር ለሐኪም ወይም ለጠበቃ የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ማዕረጉ ግን ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም። ከቃሉ ቅርጽ ትርጉሙን መገመት እንደማያዋጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበል? «የክብር ፕሮፌሰር» የሚለው ፈጽሞ ይጣል አልልም። በቋንቋችን «የክብር ቆንስል» አለ፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ ዲፕሎማት ሳይሆን እውነተኛ የቆንስል ሥራ የሚሠራ ሰው ነው፤ የብሪታንያው ፕሮፌሰርም ከዚህ ዘር ነው። ነገር ግን የአማርኛ አንባቢ ከፕሮፌሰር አጠገብ «የክብር» ሲያይ አእምሮው የሚሮጠው ወደ ምረቃ በዓልና ወደ ክብር ዶክትሬት ነው። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ሥራውን መናገር ነው፦ «በዩኒቨርሲቲው ያለ ደመወዝ የሚያስተምሩ ፕሮፌሰር»። ቦታ ካልበቃ «በዩኒቨርሲቲው በፕሮፌሰርነት ያስተምራሉ» ይበቃል። ጡረታ ለወጡት የሚሰጠው «ኤመሪተስ» ግን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የተለመደ ስለሆነ «ኤመሪተስ ፕሮፌሰር» ብለው እንዳለ ይተዉት፤ «የክብር» ብለው አይለውጡት።

ቀጥሎ «ሚስተር»። ይህ ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን በጽሑፍዎ ውስጥ ሰውየውን ክፉኛ የጎዳው ስሕተት ነው። በብሪታንያ ሐኪም ሲመረቅ «ዶክተር» ይባላል፤ ቀዶ ሐኪምነቱን በፈተና ካረጋገጠ በኋላ ግን «ዶክተር»ን ትቶ «ሚስተር» ወደሚለው ይመለሳል፤ ሴቷም «ሚስ» ወይም «ሚሲስ» ትባላለች። ምክንያቱ ታሪክ ነው። ጥንት ሐኪሙ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዶክተርነት ይወጣ ነበር፤ ቀዶ ጠጋኙ ግን እንደ አንጥረኛ ወይም እንደ ሸማኔ ከጌታው እጅ ሥር ሆኖ ሙያውን ይማር ነበር፤ ማኅበሩም ከፀጉር አስተካካዮች ጋር አንድ ነበር። ሁለቱ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1745 ነው፤ የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ቻርተሩን ያገኘው በ1800 ነው። «ሚስተር» ተብሎ መጠራቱ ዛሬ ለቀዶ ሐኪሞቹ ኩራት ሆኗል። በአማርኛ ግን «አቶ» ይህን ሁሉ አይሸከምም። «አቶ እገሌ እግርዎን ቀዶ ሕክምና ያደርጉልዎታል» የሚል ወረቀት ያየ ሰው ሐኪም አላገኘሁም ብሎ ያስባል። ስለዚህ «ዶክተር እገሌ» ብለው ይጻፉ፤ ወይም ፕሮፌሰርነታቸውን ካስቀደሙ «ፕሮፌሰር እገሌ» ይበቃል። ፕሮፌሰርና ዶክተርን ደርቦ መጻፍ የጀርመን ልማድ ነው፤ በአማርኛ ከፍተኛው ማዕረግ ዝቅተኛውን ይውጠዋል። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ማንም «ፕሮፌሰር ዶክተር» ብሎ አልጠራቸውም። በዚያው አንድ ነገር፦ የእኛን ሰው በራሱ ስም «ፕሮፌሰር አሥራት» እንላለን፤ የፈረንጁን ግን ማዕረጉን ከቤተሰብ ስሙ ጋር ነው የምናያይዘው።

«ፌሎው» እና «ባልደረባ»። ባልደረባ ማለት አብሮ የሚሠራ ነው፤ «የኮሌጁ ባልደረባ» ሲባል እዚያ ግቢ ቢሮ ያላቸው ይመስላል። «ኮሌጅ»ም ራሱ ያሳስታል፤ ሮያል ኮሌጅ ተማሪ ተመዝግቦ ዲግሪ የሚይዝበት ትምህርት ቤት አይደለም፤ የሙያ ማኅበርና ፈታኝ አካል ነው። የአሜሪካ የደም መልስ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሱ ሥሮች) ሐኪሞች ማኅበርም ለረጅም ጊዜ ራሱን «ኮሌጅ» ይል ነበር፤ ኋላ ነው ስሙን ወደ «ማኅበር» የቀየረው። በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ መደናገር አለ፦ «ፌሎው» የሚባለው ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ ሰብ ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሐኪም ነው፤ ገና ተማሪ ማለት ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የሚሰጠው ፌሎውነት ግን በፈተና የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፤ የእርስዎ ሰውም ዓይነቱ ይኸው ነው። «የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሙሉ አባል» ቢሉ ይገባል። «ኦነረሪ ፌሎው» የሚል ካገኙ ብቻ ነው «የክብር አባል» የሚሉት፤ እዚያ ቃሉ በእርግጥ ሽልማት ነው።

ከአሜሪካ በሚመጡ ጽሑፎች ላይ «ዲፕሎሜት» የሚል አለ። ይህ የደም መልስና የሊምፍ ሕክምና ቦርድ ፈተና ያለፈ ሐኪም ነው። «ዲፕሎማ ያላቸው» ብሎ የተረጎመ ሰው ስፔሻሊስቱን በአገራችን መለኪያ ከዲግሪ በታች ያወርዳቸዋል። «የቦርዱን ፈተና ያለፉ» ይባል።

አሁን ወደ «ፍሌቦሎጂስት»። «የደም ሐኪም» የደም ካንሰርና የደም ማነስ የሚያክም፣ ሌላ ሙያ ያለው ሰው ነው። «የደም ሥር ሐኪም» ይቀርባል፤ ግን ደም ሥር ሁለቱንም ዓይነት ያጠቃልላል። አማርኛ ግሩም ጥንድ ቃላት አሉት፦ ደም ቅዳ እና ደም መልስ። ደም ቅዳ ከልብ ደም የሚወጣበት ነው፤ ደም መልስ ወደ ልብ የሚመለስበት ነው። «ውኃ ቅዳ፣ ውኃ መልስ» ከምንለው ጋር አንድ አሠራር አላቸው፤ ስለዚህ ጆሮ ይቀበላቸዋል። ፍሌቦሎጂስት እንግዲህ «የደም መልስ ሥሮች ሐኪም» ነው። «ፍሌፕስ» በግሪክ ደም ሥር ማለት ሲሆን ፈረንሳዮች በዚህ ስም የሙያ ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከ«ፍሌቦቶሚስት» ጋር እንዳያምታቱት፤ አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ይህን ቃል በደንብ ያውቁታል፤ ለምርመራ ደም የሚቀዳው ባለሙያ ነው፤ «ቶሜ» መቁረጥ ማለት ነው።

ትምህርቱን ራሱን ሲተረጉሙም አንድ ወጥመድ ይጠብቅዎታል። በእግር ደም መልስ ውስጥ ደሙ ተመልሶ ቁልቁል እንዳይወርድ የሚዘጉ ትናንሽ ቫልቮች አሉ። ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ሥሩ ይለጠጣል፣ ከቆዳ በታች ተጥመልምሎ ይታያል፤ ቫሪኮስ ቬን የሚባለው ይኸው ነው። ይህን «ደሙ ይመለሳል» ብለው ከጻፉት አንባቢው ጤናማውንና በሽታውን አይለይም፤ ደም መልስ ሥራው መመለስ ነውና። ለጤናማው «ወደ ልብ ይመለሳል»፣ ለሕመሙ «ወደ እግር ቁልቁል ይፈስሳል» ብለው አቅጣጫውን ይጥሩ። «ሥር»ንም በንጉሡ ሠ ይጻፉት።

እኔ ብሆን ማስተዋወቂያውን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ፕሮፌሰር እገሌ የደም መልስ ሥሮች ቀዶ ሐኪም ናቸው። በሆስፒታል ሕሙማንን እያከሙ በዩኒቨርሲቲ ያለ ደመወዝ በፕሮፌሰርነት ያስተምራሉ። የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሙሉ አባል ናቸው። ለሙያቸው ላበረከቱት አስተዋጽኦ የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል።» ማዕረግ ሁሉ በግሥ ታስሮ ገብቷል፤ ከስም ፊት የቀረው አንድ ብቻ ነው።

ለስም ሰሌዳው «ክ/ዶ/ር» አይጠቀሙ። ሁለት እዝባር የተሰነቀረበት ምሕጻረ ቃል ለዓይን ከባድ ነው፤ «ክ/» ደግሞ ክፍለ ከተማንም ክፍልንም ሲያሳጥር የኖረ ነው። «ፕ/ር»ም ቢሆን ከሩቅ ላለ ሰው «ፕሬዚዳንት» ሊመስለው ይችላል። ሰሌዳው ሰፊ ነው፤ «ፕሮፌሰር» ብለው ሙሉውን ይጻፉት፤ ከሥሩም በትንሽ ፊደል «የደም መልስ ሥሮች ቀዶ ሐኪም»።