ኮርኒሱን ከማጠንዎ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ባለፈው እሑድ ጠዋት የሰባት ዓመት ልጄ ከማንጎው ዛፍ ሥር ወድቃ ስትንፈራገጥ ያገኛትን የሌሊት ወፍ በሹራቡ ጠቅልሎ ቤት ይዟት ገባ። ጣቶቹ ላይ ቁስል አላየሁም፤ እርሱም አልነከሰችኝም ይላል። ጎረቤቶቼ ግን የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታ ታስተላልፋለች ስላሉኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ኮርኒሳችን ውስጥም ብዙ ስላሉ ባለቤቴ በርበሬ አጥኖ ሊጨርሳቸው አስቧል። አሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ደግሞ በዚያ አገር የሌሊት ወፎች አፍንጫቸው ላይ ነጭ ሻጋታ እየወጣባቸው አለቁ ይላል፤ ለፋሲካ ሲመጣም የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት አቅዷል። የእኛዎቹንም ይህ በሽታ ይዟቸው ይሆን?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የልጅዎ ጉዳይ የመጽሔቱን መታተም የሚጠብቅ ስላልነበረ ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት ደውለንልዎታል፤ ልጅዎም ክትባቱን መጀመሩን ነግረውናል። ምክንያቱን እዚህ በሰፊው የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማቸው ሌሎች ወላጆች ነው።

የእንስሳት ሐኪም እንደመሆኔ የሌሊት ወፍን በወፍራም ጓንት ይዤ በመብራት ሥር ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። የክንፏ ቆዳ እንደ ፌስታል ስስ በመሆኑ የደም ሥሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ በትንንሾቹ ዝርያዎች አፍ ውስጥ ያሉት ጥርሶችም ጫፋቸው ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማይበልጥ ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ በሕፃን ጣት ላይ የሚተወውን ምልክት በዓይን ፈልጎ ማጣት ይቻላል። ስለዚህ ልጅ የሌሊት ወፍ በባዶ እጁ ከነካ፣ ቁስል ባይታይም እንደተነከሰ አድርጎ ማሰቡ ይሻላል። በቀን ብርሃን መሬት ላይ ወድቃ መብረር ያቃታት የሌሊት ወፍ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ታማ የመገኘት ዕድሏ ከፍ ያለ ነው።

ጎረቤቶችዎ የነገሩዎት በከፊል እውነት ነው። በአገራችን ሰውን በእብድ ውሻ በሽታ የሚገድለው በአብዛኛው ውሻ ነው፤ በዓለም ደረጃም ከመቶ 99 የሚደርሰው የሰው ሕመም ከውሻ የሚመጣ ነው። የውሻው ቫይረስ ራሱ በሌሊት ወፎች ዘንድ የሚዘዋወረው በአሜሪካ አህጉር ነው። የአፍሪካ የሌሊት ወፎች የሚሸከሙት የእርሱን የቅርብ ዘመዶች ነው። የላጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ የሚባለው በ1956 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ውስጥ ፍራፍሬ ከሚበሉ የሌሊት ወፎች የተገኘ ሲሆን፣ በኋላ በአገራችንም ከአንድ ውሻ ላይ ተለይቷል። ዱቨንሄግ የሚባለው ሌላው ቫይረስ በ1970 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የሌሊት ወፍ የነከሰችውን ሰው ገድሏል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬንያን ስትጎበኝ የሌሊት ወፍ ፊቷን የቧጨረቻት አንዲት ሆላንዳዊት በዚሁ ቫይረስ ሞታለች። ሴትየዋ ቁስሏን ታጥባ ነበር፤ ክትባት ግን አልተሰጣትም። ልጅዎን ዛሬውኑ ይውሰዱት ብዬ የጨቀጨቅኩዎት ይህን እያሰብኩ ነው።

የተነካውን ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እናቶችና አባቶች ክትባቱን የሚፈሩት በቀድሞው ጊዜ ሆድ ላይ በተከታታይ 14 ቀን ይወጋ የነበረውን መርፌ እያስታወሱ ይመስለኛል። አሁን ያለው ዘመናዊ ክትባት በክንድ ላይ፣ በቀናት ልዩነት፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ለዱቨንሄግም መከላከያ ይሆናል፤ የላጎሱን ቫይረስ ግን በደንብ አይመክትም፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አለመንካት ነው። ግቢ ውስጥ ውሻ ወይም ድመት ካለዎት የወደቀች የሌሊት ወፍ ከሰው በፊት የሚያገኙት እነርሱ ናቸውና በየዓመቱ ያስከትቧቸው።

ባለቤትዎ ያሰቡትን ግን እባክዎ ያስተዉአቸው። በጭስ የታፈኑት ግማሾቹ ሞተው ኮርኒሱ ውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ግማሾቹ እየተንገዳገዱ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ይወድቃሉ። ማጥፋት በሽታን አይቀንስም የምለውም በምክንያት ነው። በኡጋንዳ የኪታካ ማዕድን ማውጫ ሠራተኞች በ2007 እ.ኤ.አ. ደም የሚያፈስ ገዳይ ትኩሳት በሚያመጣው በማርበርግ ቫይረስ ከተያዙ በኋላ በዋሻው ውስጥ የነበሩት የሌሊት ወፎች እንዲጠፉ ተደረገ። ከዓመታት በኋላ ግን አዲስ መንጋ ገባበት፤ ሲመረመርም ቀድሞ ከመቶ 5 ገደማ የነበረው የተያዙት ድርሻ ወደ 13 ከፍ ብሎ ተገኘ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ ከተረጋገጠ ወዲህ የሌሊት ወፍን ሁሉ የመግደል ሐሳብ በየሰፈሩ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ነገር ግን የዚህ ቫይረስ ዋና ተሸካሚ ዋሻ ውስጥ የሚያድር ፍራፍሬ በል ዝርያ ነው፤ በቤት ኮርኒስ የሚገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንኝና ሌላ ነፍሳት የሚለቅሙ ትንንሾች ናቸው። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ከቤት ማስወጣት ከፈለጉ አመሻሽ ላይ ከውጭ ቆመው የሚወጡበትን ቀዳዳ ይለዩ። ገና መብረር ያልቻሉ ግልገሎች አለመኖራቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ ሁሉም ለምግብ በወጡበት ሰዓት ቀዳዳውን ይድፈኑ። ኩሳቸውን ደረቁን አይጥረጉ። ኩስ ላይ የሚበቅል ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ስላለና ብናኙ በትንፋሽ ሲገባ ሳንባን ስለሚያሳምም፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ውኃ ረጭተው ካራሱት በኋላ ይዛቁት።

የእኅትዎ ልጅ የነገረዎት ሻጋታ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሰውን አይዝም፤ የሌሊት ወፎቹን ግን ፈጅቷቸዋል። በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2006 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት አንድ ዋሻ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሞተዋል። ፈንገሱ ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አያድግም። በዚያ አገር የሌሊት ወፎች የበረዶውን ወቅት በሙሉ ሰውነታቸውን አቀዝቅዘው ይተኛሉ፤ ፈንገሱ የክንፋቸውን ቆዳ እየበላ ደጋግሞ ይቀሰቅሳቸዋል፤ በነቁ ቁጥር ለዚያ ወቅት ያጠራቀሙትን ስብ ያቃጥላሉ፤ ነፍሳት ብቅ የሚሉበት ወቅት ሳይደርስ በረሃብና በውኃ ጥም ይሞታሉ። በአውሮፓና በእስያ ያሉት ከፈንገሱ ጋር ለረጅም ዘመን ስለኖሩ እንዲህ አያልቁም። የሐዋሳዎቹ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነፍሳትና ሾላ ስለማያጡ ለወራት ሰውነታቸውን አቀዝቅዘው አይተኙም፤ ስለዚህ በዚህ በሽታ ይረግፋሉ ብለው አይስጉ።

ሆኖም የፈንገሱ ዘር በጫማና በልብስ ተጣብቆ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሊጓዝ ይችላል። የእኅትዎ ልጅ በአሜሪካ ዋሻ የገባበትን ጫማ፣ ገመድና ቦርሳ እዚያው ይተወው፤ ለሶፍ ዑመር የሚሆነውን ጫማ ከዚህ ይግዛ።